የሸረሪት ድር የመሰለውን ጭረት የሚያጠፋው የትኛው ፖሊሽ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመኪና አያያዝ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፤ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ያላት ቶዮታ ያሪስ አለችኝ። ያገለገለች ሆና ብገዛትም ቀለሟ የፋብሪካው እንደሆነና ዳግመኛ ተቀብታ እንደማታውቅ የሸጠልኝ ሰው አረጋግጦልኛል። ዘንድሮ ከጥምቀት ማግስት የወንድሜ ልጅ ሲያገባ መኪናዬ ሙሽሮቹን እንድታጅብ ተጠየቅሁና፣ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንዲሉ፣ ሌሊት ተነሥቼ አጥቤና ወልውዬ አወጣኋት። ጎሃ ተራራ ላይ ፎቶግራፍ ለመነሣት ስንቆም ግን የአመሻሹ ፀሐይ ኮፈኗ ላይ አረፈና በነጸብራቁ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ሞልቶባት አየሁ። በጥፍሬ ስዳስሰው ምንም አይሰማኝም፤ ጥላ ውስጥ ስትቆምም አይታይም። ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ ሦስት ነገር አወጡልኝ፤ አንደኛው ወፈር ያለ ኮምፓውንድ፣ ሁለተኛው ፖሊሽ የሚል ጠርሙስ፣ ሦስተኛው «ጭረት አጥፊ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰም ነው። ሻጩ ኮምፓውንዱ ቶሎ ይሠራል አለኝ፤ ጎረቤቴ ደግሞ የጥርስ ሳሙና ይበቃል ይላል። ማሽን የለኝም፤ መዋስ ግን እችላለሁ። የትኛውን ልግዛ?

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የሚገዙት ፖሊሽ የተባለውን ጠርሙስ ነው፤ እሱንም ቢሆን ረቂቁ ዓይነት መሆኑን ከጀርባው አንብበው ካረጋገጡ በኋላ። ኮምፓውንዱ ለገለጹልን ጭረት ከሚያስፈልገው በላይ ኃይለኛ ነው። ሰሙ ደግሞ ጭረቱን ለጥቂት ሳምንታት ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ይህን ያህል በእርግጠኝነት ለመናገር ያስቻለን እርስዎ ራስዎ የሰጡን ሁለት ምልክቶች ናቸው፤ ጥፍርዎ ጭረቱ ላይ አለመያዙና ጥላ ውስጥ አለመታየቱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ጥልቅ ነው፤ እሱን በፖሊሽ አጠፋለሁ ብሎ መድከም ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ጥፍር የማይዘው፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ወይም የእጅ ባትሪ ሲያርፍበት ብቻ የሚታየው ግን በቀለሙ የላይኛው ቆዳ ላይ የቀረ በጣም ቀጭን ጭረት ነው።

ያ የላይኛው ቆዳ ምን እንደሆነ ካላወቅን ምርጫው በግምት ይሆናል። የመኪናዎ ቀለም አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ከብረቱ ጀምሮ ወደ ላይ የዝገት መከላከያው፣ የሥር ቀለሙ፣ ሰማያዊው ቀለምና በመጨረሻም ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት፣ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፈው ሽፋን ይደራረባሉ። የፋብሪካ ቀለም ይህ ሁሉ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ያህል ውፍረት ሲኖረው፣ የክሊሩ ድርሻ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ያህል ስለሚወፍር፣ መኪናዎን ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠብቀው ክሊር ከአንዲት የፀጉር ዘለላ ይቀጥናል ማለት ነው። ፖሊሽ ጭረትን የሚያጠፋው በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር እስከ ጭረቱ ግርጌ ድረስ ፍቆ ዝቅ በማድረግ ነው። የተፋቀው ተመልሶ አይመጣም። ረቂቅ ፖሊሽ በአንድ ዙር ሥራ የሚወስደው ከአንድ ወይም ከሁለት ማይክሮን ባይበልጥም፣ ኃይለኛ ኮምፓውንድ ግን በተለይ በማሽን ሲሠራበት ከዚያ በብዙ እጥፍ ሊወስድ ይችላል፤ ሻጩ «ቶሎ ይሠራል» ያለዎትም ስለዚህ ነው።

እኛ ባለንበት ከፍታ ይህ ቁጠባ ይበልጥ ያስፈልጋል። የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚመክቱት ንጥረ ነገሮች ያሉት በክሊሩ ውስጥ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የጨረሩ ኃይል ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እየጨመረ ይሄዳል። ክሊሩ ከመጠን በላይ የሳሳ ኮፈን ወይም ጣሪያ ለጥቂት ዓመታት አምሮ ይታይና ነጣ ነጣ ማለት፣ ቀጥሎም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መነሣት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ መፍትሔው እንደገና መቀባት ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን የያዝነውን መኪና ለረጅም ጊዜ ይዘን የምንቆይ በመሆኑ፣ የፋብሪካውን ቀለም ማቆየት ለዐይን ከሚሰጠው ደስታ ያለፈ ጥቅም አለው።

ስለ ቅርጹ አንድ ነገር እናንሣ፤ ብዙ ሰዎች ክብ ክብ ሆኖ ስለሚያዩት በክብ ስለወለወልኩ ነው ብለው ያስባሉና። ጭረቶቹ በእውነቱ በየአቅጣጫው የተሰመሩ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ብርሃኑን ወደ ዐይናችን የሚመልሱት ለብርሃኑ አግድም የሆኑት ብቻ በመሆናቸው፣ በብርሃኑ ዙሪያ የተደረደሩ ክቦች ሆነው ይታዩናል። ስልክዎን አብርተው ኮፈኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ቢያንቀሳቅሱት «ድሩ» አብሮ ሲንቀሳቀስ ያያሉ። ይህን ማወቁ የሚጠቅመው በኋላ ሥራውን ሲመረምሩ ነው፤ መብራቱን በአንድ ቦታ ብቻ ይዞ «ጠፍቷል» ማለት አይቻልም።

ወደ ምርጫው እንመለስ። ፖሊሽ የሚለው ቃል በገበያችን ውስጥ የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ስም ጠቅልሎ ይዟል። ዳሽቦርድ የሚያብለጨልጨውም፣ ጎማ የሚያጠቁረውም፣ ቀለም የሚፍቀውም ፖሊሽ ይባላል። እኛ የምንፈልገው በውስጡ የሚፍቅ ደቃቅ ብናኝ፣ ብዙውን ጊዜ አልሙኒየም ኦክሳይድ፣ ያለበትን ነው። ኮምፓውንድና ፖሊሽ በዚህ ረገድ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ልዩነታቸው የብናኙ ሻካራነት ነው። ኮምፓውንድ የተሠራው በ1500 ወይም በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የተፈተገን ቀለም ለማስተካከልና ጠለቅ ያለ ጭረትን ለማውጣት ሲሆን፣ እሱ ራሱ ጭጋግ የመሰለ የራሱን ጭረት ስለሚተው በኋላው በፖሊሽ መስተካከል አለበት። ስለዚህ ኮምፓውንዱን ቢገዙ እንኳ ፖሊሹን መግዛትዎ አይቀርም። ሰም ግን ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ ሥራው ማልበስ ነው። «ጭረት አጥፊ» የሚል ስም የያዙ ብዙዎቹ ሰሞች ጭረቱ ውስጥ የሚሞላ ዘይትና ሙጫ መሰል ነገር፣ አንዳንዶቹም ትንሽ የሚፍቅ ብናኝ ይይዛሉ። በቀቡበት ዕለት መኪናው መስታወት ይመስላል፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ ሙሌቱ ሲለቅ ድሩ እንደነበረ ተመልሶ ይታያል።

ጠርሙሱን ሲያነቡ ሊያሳስት የሚችለው ቁጥሩ ነው። የጀርመኑ ሜንዘርና ቁጥሩ እየጨመረ በሄደ መጠን እየረቀቀ የሚሄድ ምርት ስላለው፣ 400 የተጻፈበት ኃይለኛ ኮምፓውንድ ሲሆን 2500 መካከለኛ፣ 3800 ደግሞ እጅግ ረቂቅ ፖሊሽ ነው። ሌላው የጀርመን አምራች ሶናክስ ለባለሙያ በሚያወጣቸው ጠርሙሶች ላይ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ያሰፍራል፤ የመጀመሪያው የመፋቅ ኃይሉን፣ ሁለተኛው የሚያወጣውን አንጸባራቂነት ያመለክታል። 04 እና 06 የተጻፈበት እንግዲህ በመጠኑ ፍቆ ከፍተኛ አንጸባራቂነት የሚያወጣ ነው። የአሜሪካው መጓየርስ 105 እና 205 የሚላቸው ግን የምርት መለያ ቁጥሮች እንጂ መለኪያ አይደሉም፤ 105 ኃይለኛ ኮምፓውንድ፣ 205 የማጠናቀቂያ ፖሊሽ ነው። የአንዱን አምራች ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ስለማይቻል ከቁጥሩ ይልቅ ቃሉን ይፈልጉ፤ ረቂቅ፣ ማጠናቀቂያ፣ ለቀላል ጭረት የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ካለበት የሚፈልጉት እሱ ነው። ስሙ የታወቀ አምራች መሆኑ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከታወቁት መካከል ይህኛው ወይም ያኛው መሆኑ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። በእኛ እምነት ሰዎች በምርት ስም የሚከራከሩትን ያህል በሙከራ ቢተጉ ኖሮ ብዙ ኮፈን ይተርፍ ነበር።

የጥርስ ሳሙና የሚፍቅ ብናኝ እንዳለው ጎረቤትዎ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ያ ብናኝ ለጥርስ የተመጠነ ነው፤ ክሊር ላይ ምን ያህል እንደሚወስድ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፣ በቶሎ ስለሚደርቅም በደረቁ ሲያሹት አዲስ ጭረት ይጨምራል። ረቂቅ ፖሊሽ ባለበት ገበያ እሱን መሞከር አያስፈልግም።

አሁን ዋናው ነገር ሙከራው ነው። የክሊር ጥንካሬ ከመኪና መኪና ይለያያል፤ በአንዱ ላይ በሁለት ደቂቃ ድሩን የሚያጠፋ ፖሊሽ በሌላው ላይ ምንም ላያደርግ ይችላል። የትኛውም ባለሙያ ሳይሞክር ሊነግርዎ አይችልም። ስለዚህ መኪናውን በደንብ አጥበው ካደረቁ በኋላ እጅዎን ቀጭን ፌስታል ውስጥ አስገብተው ኮፈኑን በቀስታ ይዳስሱ። በባዶ እጅ የማይሰማው ሸካራነት በፌስታሉ ውስጥ ይሰማል። ቅንጣት ቅንጣት የሚል ነገር ከተሰማዎ ቀለሙ ላይ የተጣበቀ የብረት ብናኝ ወይም የዛፍ ሙጫ አለ ማለት ነው፤ እሱ ለዚሁ በተዘጋጀው፣ ሊጥ በሚመስለው የመኪና ማጽጃ ጭቃና በሳሙና ውሃ ካልተነሣ ፖሊሹ እየነቀለ ይዞት ይዞራል። ቀጥሎ ከኮፈኑ አንድ ጥግ 40 ሳንቲ ሜትር በ40 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ይከልሉ። ከዚያች አራት ማዕዘን ውጪ ያለው እንዳለ ስለሚቆይ ከሥራው በኋላ ልዩነቱን ጎን ለጎን ያዩታል።

በዚያች ቦታ ላይ ከረቂቁ ፖሊሽ የሽንብራ ፍሬ የምታክል ሦስት አራት ጠብታ ለስላሳ ስፖንጅ ላይ አድርገው ይጀምሩ። ድሩ ካልጠፋ ወዲያው ወደ ኃይለኛ ፖሊሽ አይሂዱ፤ ፖሊሹን እንደያዙ ስፖንጁን ጠንከር ባለ ይለውጡ። ስፖንጅ የፖሊሹን ያህል ይፍቃል፣ ብዙዎች ግን አይቆጥሩትም። የስፖንጁም ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ «ብርቱካናማው ጠንካራ ነው» በሚል ምክር ሳይሆን በእጅ ጨብጦ በመለየት መምረጥ ይሻላል። ይህም ካልበቃ ብቻ ከረቂቁ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ መካከለኛ ፖሊሽ ይሞክሩ፤ ከሠራ በኋላም በረቂቁ ይዝጉት። ለእርስዎ ዓይነት ጭረት ሦስተኛው እርምጃ ላይ የሚደርሱ አይመስለንም።

የሙከራውን ውጤት ለመመርመር ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል ያስፈልግዎታል። አንዱን እጅ አልኮል ከሦስት እጅ ንጹሕ ውሃ ጋር ቀላቅለው ንጹሕ ጨርቅ ላይ ነፍተው የሠሩበትን ቦታ ይጥረጉት። አብዛኛው ፖሊሽ የሚያለሰልስ ዘይት ስላለው፣ ያ ዘይት ጭረቱ ውስጥ ገብቶ የጠፋ ሊያስመስለው ይችላል። ዘይቱ ከተነሣ በኋላ በፀሐይም በስልክ መብራትም፣ ከተለያየ አቅጣጫ አይቶ የሚቀረው ንጹሕ ገጽ ብቻ ነው እውነተኛው ውጤት። ይህን ምርመራ ያስተማረን ጉዳት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥቁር መኪናችንን ሙሉ ቀን ወልውለን በጣም ረክተን ነበር፤ ክረምቱ ገብቶ ሁለት ጊዜ ዝናብ ካጠባት በኋላ ግን ጣሪያው ላይ የነበረው ጭረት አንድም ሳይጎድል ተመልሶ ታየ። ያን ዕለት የቀባነው ሙሌት ነበር።

በእጅ ወይስ በማሽን ለሚለው፣ በእጅ መሥራት ይቻላል፤ ጊዜና ጉልበት ይፈልጋል እንጂ። 30 ሳንቲ ሜትር በ30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቦታ፣ ወጥ በሆነ ግፊት፣ መጀመሪያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ቀጥሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያሹ። በእጅ ድሩን በጣም መቀነስ ይቻላል፤ ክሊሩ ጠንካራ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ማሽን የሚዋሱ ከሆነ እየዞረ በተመሳሳይ ጊዜ የሚወዛወዘውን፣ ዱዋል አክሽን የሚባለውን ይፈልጉ። እሱ ሙቀቱን በአንድ ቦታ ስለማያከማች ለጀማሪ እጅ የሚታመን ነው። ፍጥነቱን መካከለኛ አድርገው፣ ራሱ ከሚመዝነው ትንሽ ብቻ ጨምረው እየተጫኑ፣ በሴኮንድ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል እያንቀሳቀሱ እያንዳንዱን ቦታ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይመላለሱበት። የበርና የኮፈን ጠርዞች፣ የቦዲው ስለታም መስመሮችም ላይ ክሊሩ ከሌላው ቦታ ስለሚሳሳ በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኗቸው፤ ክሊር አልቆ ከሥሩ ያለው ቀለም የሚጋለጠው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

ቦታና ሰዓት መምረጥም የሥራው አካል ነው። በበጋው ወራት በጎንደር ከረፋዱ በኋላ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ሰማያዊ ኮፈን እጅ አያስነካም፤ ፖሊሹም ገና ሳይሠራ ይደርቅበታል። ማለዳ፣ ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከነፋስና ከመንገድ አቧራ ራቅ ባለ ጥላ ሥር ይሥሩ። ስፖንጁ ወይም ጨርቁ መሬት ላይ ከወደቀ ታጥቦ እስኪደርቅ ድረስ ያስቀምጡት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የግማሽ ቀን ሥራን ታበላሻለች። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ከሠሩ በኋላ አንዲት ጠለቅ ያለች መስመር ብትቀር ይተዋት። እሷን ለማጥፋት በዙሪያዋ ያለውን ክሊር ሁሉ ማሳሳት ያስፈልጋል፤ ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ የሚያያት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ጭረቱ ጠፍቶ ገጹ በአልኮል ከተጠረገ በኋላ ያን ሦስተኛውን፣ ሰሙን፣ አሁን መግዛት ይችላሉ። በቦታው ሲውል መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን በእኛ ፀሐይ ከሁለት ወር በላይ ይቆያል ብለው አይጠብቁ።

እነዚህን ጭረቶች ያመጣው ምን እንደሆነ ሳንናገር ብናልፍ ግን በዓመቱ ተመልሰው ይጽፉልናል። ሌሊት ተነሥተው «አጥቤና ወልውዬ» ያሉት ቃል ላይ ቆም ብለናል። ከኮብልስቶንና ከጠጠር መንገድ የሚነሣው አቧራ ደቃቅ የድንጋይ ብናኝ ነው፤ ከክሊር ይጠነክራል። በደረቅ ጨርቅ ሲጠርጉት ወይም በአንድ ባልዲ ውሃ መኪናውን በሙሉ ሲያጥቡት ብናኙ ጨርቁ ላይ ተይዞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ውሃ በጀሪካን በሚጠራቀምበት ሰፈር ብዙ ውሃ አፍስሱ ማለት እንደማይቻል እናውቃለን። አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ግን በአግባቡ ከተከፋፈለ ለትንሽ መኪና ይበቃል። ከዚያ ላይ አንድ ሦስተኛው ሳይነኩ ከላይ ወደ ታች አፍስሶ አቧራውን ለማርጠብና ለማውረድ፣ የቀረው ሁለት ባልዲ ላይ ተከፍሎ አንዱ ለመኪና ሻምፖ፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ ይውላል። ከጣሪያ ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ፤ የጎማ አካባቢና የበሮቹ ግርጌ መጨረሻ ላይ፣ በሌላ ጨርቅ ይሁን። ማድረቂያው ማይክሮፋይበር ይሁን። የሠርጉም ሪባንና አበባ ራሱ አቧራ ባለበት ኮፈን ላይ ተጎትቶ ሲታሰር ጭረት እንደሚጨምር ለሚቀጥለው ሙሽራ ያስታውሱ።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጁ፤ ከአዘዞ የምጽፍ ሾፌር ነኝ። ጥቁር መኪናዬን አንድ ጋራዥ ወስጄ በማሽን ፖሊሽ አስደረግሁ። ሲያስረክቡኝ ፊት ያሳይ ነበር። ከሦስት እጥበት በኋላ ግን ፀሐይ ላይ ስትቆም ኮፈኗ ላይ የማረሻ ፈር የመሰለ፣ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ጥላ ይታያል። ቀለሙ ተበላሽቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ቀለሙ አልተበላሸም፤ ሥራው ግን አላለቀም። ያዩት ባለሙያዎች ሆሎግራም የሚሉት ሲሆን፣ የሚመጣውም በአንድ ቦታ ብቻ በሚሽከረከር ማሽን ኮምፓውንድ ወይም ሻካራ ስፖንጅ ተጠቅሞ፣ በኋላው በረቂቅ ፖሊሽ ሳይዘጉ ሰም ቀብቶ ከማስረከብ ነው። ማሽኑ የሄደበትን መንገድ ተከትለው የቀሩት እጅግ ቀጭን ጭረቶች በሰሙ ዘይት ተሸፍነው ነበር፤ ዘይቱ ሲታጠብ ወጡ። መፍትሔው እንደገና ኮምፓውንድ ማድረግ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ለስላሳ ስፖንጅና ረቂቅ የማጠናቀቂያ ፖሊሽ፣ በሚወዛወዘው ማሽን፣ በቂ ነው። ወደዚያው ጋራዥ ከተመለሱ ሰም ከመቀባታቸው በፊት በአልኮል ጠርገው ፀሐይ ላይ እንዲያሳዩዎት በትሕትና ይጠይቁ፤ ሥራውን የሚያምን ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። የሚጠቀሙበትንም ማሽን ይመልከቱ። የፖሊሽ ማሽን በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ዙር ገደማ ሲዞር፣ ብረት የሚቆርጠው ትንሹ ግራይንደር ከ10,000 ዙር በላይ ይዞራል። በዚህ በሁለተኛው ላይ ስፖንጅ ታስሮ ካዩ መኪናዎን ይዘው ይውጡ፤ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ክሊሩን ሊያቃጥለው ይችላልና። ቀድሞ ምን ያህል እንደተፋቀ ስለማናውቅም፣ የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ሰው ካገኙ ከሥራው በፊት ቢያስለኩት ይመረጣል። መሣሪያው የሚነግርዎት የሁሉንም ሽፋን ድምር ነው፤ ከጣሪያው፣ ከበሮቹና ከኮፈኑ የተለያየ ቦታ ወስደው ሲያነጻጽሩ ኮፈኑ በጉልህ ሳስቶ ከተገኘ ፈሩን ታግሶ መኖሩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አባቴ ያወረሱኝ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች ነጭ ኮሮላ አለችኝ። በረቂቅ ፖሊሽ ስሞክራት ጨርቁ ነጭ በነጭ ሆነ። ደንግጬ አቆምኩ። ልቀጥል?

አንባቢ፣ ከአራዳ

መልስ፦ መደንገጥዎም ማቆምዎም ትክክል ነበር። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ያቺ መኪና ክሊር የሌላት፣ ቀለሟና መከላከያዋ አንድ የሆነ ናት ማለት ነው። ክሊር በሰፊው መለመድ የጀመረው በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ በተለይ ነጭ መኪኖች ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ያለ ክሊር ይቀቡ ነበር። ፖሊሹ ራሱ ነጭ በመሆኑ ሊያሳስት ስለሚችል፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርገው አንዴ መስታወት ላይ፣ አንዴ ቦዲው ላይ አሽተው ያነጻጽሩ፤ ከቦዲው የመጣው ወፍሮና ኖራ መስሎ ከታየ ቀለሙ ነው። ይህ በራሱ ጉዳት አይደለም፤ በፀሐይ የሞተው የላይኛው ሽፋን እየተነሣ ነው፤ ከሥሩ ያለው ደማቅ ነው። በረቂቁ ፖሊሽ፣ በእጅ፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ እየለወጡ መቀጠል ይችላሉ። ኮምፓውንድ ግን ፈጽሞ አያስፈልጋትም፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ በጠርዞቹ ላይ የቀረው ቀለም ምን ያህል እንደሆነ አይታወቅምና፣ የሥር ቀለሙ ጥላ መታየት በጀመረበት ቦታ ሁሉ እጅዎን ያንሡ። እንዲህ ያለው ቀለም ዘይቱ የተመጠጠ ስለሆነ በመጨረሻ ሰም አብዝቶ ይወዳል፤ በየወሩ ቢቀቧት ነጭነቷን ይዛ ትቆያለች።